ጎራዴው ከቤት ሳይወጣ፦ ለኤግዚቢሽን የሚዋሱ ሰይፎች ልኬትና ፎቶግራፍ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ለሙዚየም ኤግዚቢሽን በውሰት የሚሰጥ ሰይፍ ከባለቤቱ እጅ ከመውጣቱ በፊት ይለካል፣ ፎቶግራፍም ይነሳል። ሁለቱም ሥራዎች የሚከናወኑት ባለቤቱ ባለበት ነው፤ የሁለቱም ውጤት ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል። ኤግዚቢሽኑ አልቆ ዕቃው ሲመለስ የወጣው ሰይፍና የተመለሰው ሰይፍ አንድ መሆናቸው፣ በመንገድም ሆነ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጉዳት እንዳልደረሰ የሚረጋገጠው በዚህ መዝገብ ብቻ ነው። የውሰት ውል የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ዕቃውን ለይቶ የሚያሳይ ልክና ምስል ካልተያያዘበት ለባለቤቱ የሚሰጠው ዋስትና ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ ዓለም ጀምሮ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ ድረስ ባሉት ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ አሮጌ ሰይፎች በዋናነት የሚገኙት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የግለሰብ ቤት ነው። አያት ወይም ቅድመ አያት በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ፣ በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የዘመቱበት፣ ወይም በአምስቱ የወረራ ዓመታት በአርበኝነት ዱር ቤቴ ያሉበት ቤተሰብ ጎራዴውን በግድግዳ ሰቅሎ ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖረዋል፤ የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ሲደርስ ያወጣዋል። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው በቆረቆሯት በአዲስ ዓለም፣ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የነገሥታት ስጦታዎች ማኖሪያ ለመሆን በቅቷል። ከግለሰብ ቤት ዕቃ ለማዋስ የቤተሰቡ ስምምነት ያስፈልጋል። ከዕቃ ቤት ሲሆን ደግሞ የአስተዳዳሪው፣ የቄሰ ገበዙ፣ የሰበካ ጉባኤውና የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ መገኘት ስላለበት ለፈቃዱ ብቻ ሰፊ ጊዜ መተው ይገባል።

በእነዚህ ቦታዎች የሚገኙት ሰይፎች በቅርጻቸው በሦስት ይከፈላሉ። ሾተል እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከኋላው እንዲደርስ ተብሎ የተሠራ ነው። ጎራዴ መጠነኛ ጉብጠት ያለውና ባለ አንድ ስለት ነው። ሦስተኛው ቀጥ ያለው ባለ ሁለት ስለት ሰይፍ ነው። የብዙዎቹ ጎራዴዎች ብረት ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን በተለይ የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ አንጥረኞች ለኢትዮጵያ ገበያ የአንበሳ ምስልና የግዕዝ ፊደል ያለበት ብረት ይሠሩ ነበር። እጀታው ግን በአገር ውስጥ ከአውራሪስ ወይም ከጎሽ ቀንድ፣ አለዚያም ከእንጨት ይበጃል። አፎቱ ከቆዳ ይሰፋል፤ ለመኳንንት የታሰበ ከሆነ ከፋይ ይለብሳል፣ ብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ብር ይለጠፍበታል። ስለዚህ አንድ ጎራዴ ብረቱ ከአንድ አገር፣ እጀታው ከሌላ እጅ፣ አፎቱ ከሌላ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ መዝጋቢውም ሦስቱን እንደ ሦስት ዕቃ ለየብቻ መመልከት አለበት። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ በብረቱ ላይ የውጭ አገር ምልክት ሲያይ መላውን ዕቃ «የውጭ ሥራ» ብሎ ይጽፈዋል፤ የአገሬው ባለ እጅ ድካምም ከመዝገብ ይሰረዛል።

መዝገብ አልባነት ምን እንደሚያስከትል የኢትዮጵያ ታሪክ በመራራ ሁኔታ ያሳያል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ እዚያም በጨረታ ለወታደሮችና ለብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ተሸጠ። በጨረታው የተሸጡት ጋሻዎች፣ ሰይፎች፣ ዘውዶችና መጻሕፍት ከመወሰዳቸው በፊት በኢትዮጵያ በኩል የተነሳ ምስልም የተለካ ልክም አልነበረም። በግለሰብ እጅ የገባውን ዕቃ «ይህ የመቅደላ ነው» ብሎ ለመከራከር ዛሬ የሚቻለው ገዢው ራሱ በጻፈው ማስታወሻ ወይም በዕቃው ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላ ዕቃዎችን ለሕዝብ ሲያሳይ ዕቃዎቹ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የኢትዮጵያ ጥያቄ ግን ይመለሱ የሚል ነው። ባለቤትነቱ ያልታወቀለት ወገን የራሱን ዕቃ ተዋሽ ሊባል እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

በሥርዓት የተደረገ ውሰትም አለ። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በዎልተርስ ሙዚየም የተከፈተው ትልቅ የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት ኤግዚቢሽን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በተዋሱ ዕቃዎች ላይ ቆመ፤ ዝርዝራቸውም በፎቶግራፍ በደመቀ ጥራዝ ታትሞ ቀረ። ለጦር መሣሪያም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ዋናው ሰነድ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በአዋጁ መሠረት በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በአገር ውስጥ፣ ለምሳሌ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ለሚደረግ ውሰት የወረዳና የዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች እንዲያውቁት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ሲሆን ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለው ሰይፍ ድንበር ከተሻገረ ሌላ ሕግም ይመለከተዋል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በምኅጻረ ቃሉ ሳይተስ፣ አውራሪስን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው እንስሳት ይቆጥራል። ፈቃድ ሳይያዝ የተላከ ጎራዴ በአውሮፕላን ማረፊያ ሊያዝ ይችላል፤ ከተያዘ በኋላ ማስለቀቁ ከመላኩ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ እጀታው ከምን ቀንድ እንደተሠራ መለየት ከልኬቱ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። የአውራሪስ ቀንድ እንደ ፀጉር ከተያያዙ ቀጫጭን ጭረቶች የተሠራ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ በአንድ በኩል ጭረቶቹ፣ በተቆረጠበት በኩል ደግሞ ነጠብጣቦቹ ይለያሉ። የጎሽና የበሬ ቀንድ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የለውም፤ በንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ ነው።

ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ሕግ ሰይፉን አለመወልወል ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤተሰቡ ብረቱን በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ አሽቶ ማብረቅ ይፈልጋል። ሐሳቡ የአክብሮት ነው፤ ጉዳቱ ግን የማይመለስ ነው። በብረቱ ላይ በአሲድ የተቀረጸው አንበሳና ጽሑፍ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ውልወላ ይጠፋል። መዝጋቢው ቀጠሮ ሲይዝ ይህን ቀድሞ ለባለቤቱ በአክብሮት መናገር አለበት። ዝገት ካለም እንዳለ ይመዘገባል፤ የማከሙ ሥራ የጥገና ባለሙያ ድርሻ ነው።

ሰይፉን ከአፎቱ ማውጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌ አፎት ከውስጥ በኩል በስለቱ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል አፎቱን በጡጫ ጨብጦ መሳብ ጣት ያስቆርጣል፤ የሚያዘው በስለቱ በኩል ሳይሆን ከጎንና ከጎን በጣቶች ነው። ብረቱ ዝጎ ከተጣበቀ አይታገሉትም፤ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ከአፎቱ አልወጣም» ተብሎ ይጻፋል። ጓንት ይደረጋል፤ የእጅ ላብና ጨው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት በብረት ላይ ይተዋል። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፣ በአፎቱ ስፌትና በብረቱ ስንጥር ይያዛል። ከላስቲክ የሚሠራው የሐኪም ጓንት ደግሞ ያለበት ድኝ ብርን ያጠቁራል። የተሻለው የናይትራይል ጓንት ነው። ሰይፉ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ንጹሕ ብርድ ልብስ፣ በላዩም ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል።

ልኬት በሚሊሜትር ይጻፋል። የብረት ሜትር ብረትን ስለሚጭር የልብስ ሰፊ ሜትርና የፕላስቲክ ካሊፐር ይመረጣሉ። በቅድሚያ ከእጀታው ራስ እስከ ብረቱ ጫፍ ያለው ጠቅላላ ርዝመት፣ ከዚያ እጀታው ካበቃበት እስከ ጫፉ ያለው የብረቱ ርዝመት ይወሰዳል። ስፋቱ በሦስት ቦታ ይለካል፤ ከእጀታው ሥር፣ ከመሃልና ከጫፉ አጠገብ። የብረቱ ውፍረትም እንዲሁ ይለካል፤ ደጋግሞ የተሳለ ሰይፍ መሳሳቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በብረቱ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ቦይ ካለ ቁጥሩ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ ይመዘገባል። አፎቱ ለብቻው ይለካል፣ ለብቻው ይመዘናል፤ ክብደት በግራም ይጻፋል።

በጎባጣ ሰይፍ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱን በአንድ ቁጥር ሲጽፍ ነው። አንድ ሾተል ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ በቀጥታ ሲለካ 72 ሴንቲ ሜትር፣ ሜትሩ በብረቱ መሃል ጉብጠቱን ተከትሎ ሲዞር ግን 92 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ግን የቱ የቱ እንደሆነ ካልተገለጸ በተዋሹ ሙዚየም ዕቃው የተቀየረ ይመስላል፤ በኤግዚቢሽኑ የሰይፉን መደገፊያ የሚሠራው ሰውም የማይገጥም ነገር ይሠራል። ስለዚህ የጎባጣ ሰይፍ ርዝመት ሁልጊዜ በሁለቱም መንገድ ተወስዶ እንዴት እንደተለካ በቃል ይጻፋል። በተጨማሪም ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ክር ተወጥሮ፣ ከክሩ እስከ ብረቱ ያለው ትልቁ ርቀት የጉብጠቱ ጥልቀት ተብሎ ይያዛል። በጎራዴ ላይ ይህ ርቀት የሚለካው ከጀርባው ነው፤ ሾተል ግን በሁለቱም ጠርዝ የተሳለ ሊሆን ስለሚችል ከውስጠኛው ጠርዝ መለካቱ መገለጽ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሰይፉ ሰፊ ነጭ ወረቀት ላይ ተጋድሞ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተከቦ የሚወጣው ንድፍ ነው። እርሳሱ ብረቱን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይያዛል። ንድፉ በትክክለኛ መጠኑ ስለሆነ ተጠቅልሎ ለተዋሹ ይላካል፤ መደገፊያ የሚሠራውም ሰው ሰይፉን ሳያይ ልኩን ያገኛል።

ፎቶግራፉ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የተወለወለ ብረት በዙሪያው ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያልና። በቀጥታ ፀሐይ የተነሳ ጎራዴ በአንድ በኩል ነጭ ነበልባል፣ በሌላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ጽሑፉም አይነበብም። በአምቦ ወይም በጉደር በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ባይኖርም ጥሩ ብርሃን ማግኘት አያዳግትም። ሰፊ መስኮት ላይ ነጭ ነጠላ ሲወጠር ብርሃኑ ለስልሶ ይሰራጫል። ከመስኮቱ ትይዩ ነጭ ካርቶን ሲቆም ጥላው ይቀላል፤ የብረቱ ጠርዝ ከጀርባው ጨርቅ ጋር እንዳይመሳሰል ደግሞ በጎኑ ጥቁር ካርቶን ይቆማል። የቤቱ መብራት ይጠፋል፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲደባለቁ የከፋዩና የወርቁ ቀለም ይዛባል። ብዙዎች መድኃኒት ነው የሚሉት የፖላራይዘር ማጣሪያ በሌንሱ ላይ ብቻ ሲገጠም የቀንድንና የቆዳን ማብረቅረቅ ቢቀንስም የብረትን አይቀንስም። ብረት ላይ የሚረዳው የብርሃኑን አቅጣጫ መለወጥ ነው።

ሰይፉ ግራጫ ጨርቅ ላይ ይጋደማል፤ ካሜራው በላዩ በመቆሚያ ላይ ሆኖ ፊቱ ከሰይፉ ጋር ትይዩ ይደረጋል። ጥቂት እንኳ ካዘነበለ በምስሉ ላይ ጉብጠቱ ይለወጣል። በስልክ ካሜራ ሰፊ ማዕዘን ከቅርብ የተነሳ ሰይፍ ጫፉ ተለጥጦ ይወጣል፤ ከራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳት ይህን ያስቀራል። በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ የሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ የቀለም ካርድና የመዝገብ ቁጥር ይገባሉ፤ ማስመሪያው በብረቱ ከፍታ ካልተቀመጠ ልኩ ይሳሳታል። መጀመሪያ ሰይፉ በአፎቱ ውስጥ እንዳለ፣ ከዚያ ተነጥሎ በሁለቱም ገጹ ይነሳል። የትኛው ገጽ የፊት እንደሆነ መወሰን ለኢትዮጵያ ሰይፍ የተለየ ትርጉም አለው። የአውሮፓ ወታደር ሰይፉን በግራ ጎኑ ሲታጠቅ የኢትዮጵያ ተዋጊ የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ስለዚህ ለሰው ዓይን የሚታየውና የተጌጠው የአፎቱ ገጽ የተለየ ነው። ይህን ያልተረዳ ፎቶግራፍ አንሺ የጀርባውን ገጽ እንደ ፊት አድርጎ ያነሳል፤ በኤግዚቢሽኑም ሰይፉ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይሰቀላል። ባለቤቱን እንዴት እንደሚታጠቅ እንዲያሳዩ መጠየቅ ለዚህ ይበቃል።

ቀጥሎ ዝርዝሩ ይመጣል። የተቀረጸ ጽሑፍና የአንጥረኛ ምልክት በጎን በሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን ይነሳል፤ በዓይን የማይታይ ደብዛዛ ፊደል በዚህ ብርሃን ጥላ አውጥቶ ይነበባል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ያለው ከእጀታው አጠገብ ነው። የእጀታው ራስ፣ እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ፣ የአፎቱ ጫፍና ማንገቻው ለየብቻ ይወሰዳሉ። ጉዳት ሁሉ፣ ማለትም ስንጥቅ፣ የተሸረፈ ስለት፣ የተበላ ከፋይ፣ የጎደለ ምስማር፣ በቅርብ ይነሳል፤ በንድፉ ላይም ቁጥር ተሰጥቶት ቦታው ይመላከታል። የሚያፍሩበትን ጉዳት መደበቅ ባለቤቱን ራሱን ይጎዳል፤ ሲወጣ ያልተመዘገበ ጉዳት ሲመለስ በማን እንደደረሰ ማወቅ አይቻልምና።

በቅጹ ላይ የሚታየውና የሚነገረው ይለያያሉ። ባለቤቱ «አያቴ አድዋ ላይ ከጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው» ካሉ ቃላቸው እንዳለ፣ «ባለቤቱ እንደሚሉት» ተብሎ ይጻፋል፤ በብረቱ ላይ የጣሊያን ምልክት መኖሩ ወይም አለመኖሩ በሌላ ረድፍ ይገባል። ባለቤቱ የሚናገሩት በኦሮምኛ ከሆነ ቃላቸው በኦሮምኛ ይያዛል፤ ውሉም በሚያነቡት ቋንቋ ሊሰጣቸው ይገባል። ያላነበቡትን ወረቀት በአዛውንት ማስፈረም ነውር ነው። ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፋል፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ባልተጻፈበት ሰነድ ብዙ ውል ተምታቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ዛሬ በዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እጅ ያለው «ኦብጀክት አይዲ» የተባለው መለኪያ የዕቃውን ዓይነት፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩን፣ ጽሑፉን፣ መለያ ምልክቱንና ፎቶግራፉን ይጠይቃል። ፖሊስ የተሰረቀ ቅርስ የሚፈልገው በዚሁ መረጃ ስለሆነ ቅጹ በእሱ ልክ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

የአየሩ ርጥበትም ይመዘገባል። ብረት ደረቅ አየር ይወዳል፤ ቆዳና ቀንድ ግን ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ ለያዘ ሰይፍ ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለ ርጥበት የሚያስማማ ነው። በምዕራብ ሸዋ ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ በመሆኑ በሐምሌ የወጣ ጎራዴ አየር ማቀዝቀዣ ወዳለበት አዳራሽ ሲገባ አፎቱ ሊኮማተርና ሰይፉን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሰይፉ የታሸገበት ሣጥን ተዋሹ ዘንድ ሲደርስ ወዲያው አይከፈትም፤ አንድ ቀን በክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ ይደረጋል። ሲከፈት፣ ኤግዚቢሽኑ ሲፈርስና ሰይፉ ቤቱ ሲመለስ ያው ፎቶግራፍና ያው ልክ ከዕቃው ጋር ይመሳከራል፤ ሁለቱ ወገኖችም በየጊዜው ይፈርማሉ። መድን ካለም ሽፋኑ ሰይፉ ከቤት ከተነሳበት እስከተመለሰበት ቅጽበት መሆን አለበት፤ በኤግዚቢሽኑ ቀናት ብቻ የሚሠራ መድን ብዙ ጉዳት የሚደርስበትን መንገድ ይተወዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ሚዛን፣ የፕላስቲክ ካሊፐር፣ መቆሚያ ያለው ካሜራ፣ ግራጫ ጨርቅ፣ ጓንትና ወረቀት ነው። በየወረዳው ያለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ ስብስብ ሊኖረው ይችላል፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሥራውን በአጭር ጊዜ ሊለማመዱት ይችላሉ። የውሰት ጥያቄ ሲመጣ የሚደረግ ልኬት በጥድፊያ ይሠራል፤ የተሰረቀ ወይም የተቃጠለ ሰይፍ ደግሞ ከናካቴው አይለካም። በምዕራብ ሸዋ ቤቶችና ዕቃ ቤቶች ያሉ ሰይፎች ማንም ተዋሽ ሳይጠይቃቸው፣ ታሪካቸውን የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ፣ አሁኑኑ ሊለኩና ፎቶግራፍ ሊነሱ ይገባል።